«የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የማይጠይቅ ደጃፍ

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ሰሞኑን ከሆሳዕናም፣ ከዱራሜም፣ ከሾኔም፣ ከሺንሺቾም አንድ ዓይነት ስክሪንሾት በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ላካችሁልኝ። ጥያቄውም ያው ነው፦ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» መልእክቱ የኢሜይል ሳጥንዎ ሞልቷል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታች ያለውን ሊንክ ተጭነው ካላደሱ አካውንትዎ ይዘጋል ይላል። ግርጌው ላይ «አይሲቲ ዳይሬክቶሬት» የሚል ስም አለ።

አጭሩ መልስ፦ ውሸት ነው፣ አትንኩት። የትኛውም የአይሲቲ ክፍል ፓስወርዳችሁን በሊንክ አይጠይቅም። ይህን ብቻ ለማወቅ የፈለገ እዚህ ላይ ማቆም ይችላል።

ረጅሙን መልስ የምጽፈው ግን ነገሩ የአንድ ሰው አካውንት ጉዳይ ስላልሆነ ነው። የተቋም ኢሜይል ሲሰረቅ የሚከፍለው ሊንኩን የነካው ሰው ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ጭራሽ ምንም ያልነካች ልጅ ትከፍላለች። እሱን ከታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ኢሜይል ለምን እንዲህ የዋህ እንደሆነ እንይ።

እኛ ሀገር ቢሮ ደብዳቤ ይዛችሁ ገብታችሁ ታውቃላችሁ። መዝገብ ቤት የተቀመጠችው እህታችን ገና ወረቀቱን ሳታነብ ዓይኗ የት እንደሚሄድ አስተውሉ። ቁጥር አለው? ቀን አለው? ማህተም አለው? ቲተር አለው? አንዱ ከጎደለ «አስተካክለህ አምጣ» ትላለች። ስንቶቻችን በዚህ ተናድደናል! ከዱራሜ ድረስ መጥቶ ማህተሙ ደብዝዟል ተብሎ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ይህ ነገር ግን ዛሬ የመጣ አይደለም። ነገሥታቱም ደብዳቤያቸውን የሚያስታውቁት ከላይ በሚያሳርፉት ማህተም ነበር። ማህተም ያልያዘ ወረቀት የማንም ወረቀት ነው።

ኢሜይል ሲፈጠር ግን መዝገብ ቤት አልተሠራለትም። ዛሬም ድረስ ኢሜይል የሚጓዝበትን ደንብ ጆን ፖስቴል የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1982 ጻፈው። ያኔ ኔትወርኩ ላይ የነበሩት በአብዛኛው የሚተዋወቁ ተመራማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ደንቡ «ላኪው ማን ነህ? አረጋግጥ» አይልም። ፖስታ ጀርባ ላይ የፈለጋችሁትን ስም ብትጽፉ ፖስታ ቤቱ እንደማይከለክላችሁ ማለት ነው። እኔ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ «ከ፦ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት» ብዬ ብጽፍ፣ ደንቡ ራሱ የሚያስቆመኝ ነገር የለውም።

ያልተጠየቀ የጅምላ መልእክት ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። ጋሪ ቱርክ የሚባል የኮምፒዩተር ሻጭ ኩባንያ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. ግንቦት 3 ቀን 1978 የኩባንያውን አዲስ ማሽን ለማስተዋወቅ ለ400 ያህል ሰዎች በአንድ ጊዜ መልእክት ላከ። በእኛ አቆጣጠር 1970 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ተቀባዮቹ ተቆጡ፣ ወቀሱት፤ እሱ ግን ማሽኖቹን ሸጠ። እስካሁን ነገሩ ያልቆመውም ለዚህ ነው። መላክ ነፃ ነው፤ ከሺህ አንድ ሰው ከተያዘ ያተርፋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንለይ። ስፓም አሰልቺ ነው፣ ጊዜ ይበላል። ፊሺንግ ግን ስሙም እንደሚለው ማጥመድ ነው፤ መንጠቆ አለው። የሚፈልገው ፓስወርዳችሁን፣ ገንዘባችሁን ወይም ስማችሁን ነው።

አሁን ወደዚያ ታሪክ።

ቀድሞ የሠራሁበት፣ ከዚህ ራቅ ያለ አንድ የትምህርት ተቋም ነው። ስሙ ይቆየን። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ብዙ ሰው ያስተማሩ መምህር ነበሩ። እዚህ ጋሼ እንበላቸው። አንድ አርብ ማታ ልክ እናንተ እንደላካችሁልኝ ያለ መልእክት ደረሳቸው። ሳጥንዎ ሞልቷል። ጋሼ የቀጣዩን ሳምንት ፈተና በኢሜይል ሊልኩ ስለነበር ይዘጋል ሲባል ደነገጡ። ሊንኩን ተጫኑ፣ የተቋሙ አርማ ያለበት ገጽ ተከፈተ፣ ፓስወርዳቸውን ጻፉ። «እናመሰግናለን» አለ። አለቀ።

በኋላ እንደነገሩን ትንሽ ቆይተው ጠርጥረዋል። የሚያውቁት የመግቢያ ገጽ እንዲህ አልነበረም። ግን ለማንም አልተናገሩም። ለምን? ከዚያ ቀደም አንዲት ወጣት ጸሐፊ እንዲሁ ተታልላ ራሷ ሄዳ በመናገሯ በስብሰባ ላይ ተስቆባታል። «ፌስቡክ ላይ ስትውይ ነው» ተባለች። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ደረሳት። ጋሼ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ ያስተማሯቸው ልጆች አለቃ በሆኑበት ቤት፣ መሳቂያ መሆን አልፈለጉም። ዝም አሉ።

ቅዳሜና እሁድ ማንም ቢሮ የለም። አጥማጆቹም ይህን ስለሚያውቁ አርብ ማታን ይወዳሉ። በሁለት ቀን ውስጥ ከጋሼ አካውንት በሺዎች የሚቆጠር የማጭበርበሪያ ኢሜይል ወደ ዓለም ተላከ። ሰኞ ጠዋት የተቋሙ ሰርቨር በዓለም አቀፍ የጥቁር መዝገቦች ውስጥ ገብቶ አገኘነው። ስፓምሃውስን የመሳሰሉ ድርጅቶች ስፓም የሚልኩ ሰርቨሮችን እየመዘገቡ ዝርዝር ያወጣሉ፤ በዓለም ላይ ያሉ ኢሜይል ተቀባይ ሰርቨሮች ይህን ዝርዝር እያዩ በራቸውን ይዘጋሉ። የተዘጋው ለጋሼ ብቻ አልነበረም፤ ለፕሬዚዳንቱም፣ ለሬጅስትራሩም፣ ለሁሉም ነው።

በዚያው ሳምንት አንዲት ተመራቂ የአውሮፓ ስኮላርሺፕ አመልክታ ነበር። የውጤት ማስረጃዋ ከተቋሙ ኦፊሴላዊ ኢሜይል በቀጥታ መላክ አለበት ተብላለች፤ ብዙ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ይጠይቃሉ። የሬጅስትራሩ ባለሙያ ሥራውን ሠርቷል፤ ሰኞ ዕለት ልኮላታል። ተቀባዩ ሰርቨር ግን አልቀበልም ብሎ መለሰው። «አልደረሰም» የሚለው ማሳወቂያም ያን ሰሞን ሳጥኑን ካጥለቀለቁት ተመላሾች መካከል ተቀበረ። ቀነ ገደቡ ረቡዕ ነበር። ልጅቷ የሰማችው ከሁለት ሳምንት በኋላ «ፋይልዎ ስላልተሟላ» የሚል መልስ ሲደርሳት ነው።

በዓመቱ እንደገና አመልክታ ሌላ ሀገር፣ ሌላ ትምህርት ቤት ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ደህና ናት። ያ ዕድል ግን አልተመለሰም። ልጅቷ ምን አጠፋች? የአባቷ ቤት መብራት እንኳ የለውም ነበር፤ ኢሜይል የሚባል ነገር መጀመሪያ ያወቀችው ተቋሙ በሰጣት አድራሻ ነው።

ይህን ታሪክ ለሆሳዕናና ለዱራሜ ሰው መንገር የፈለግሁት ለዚህ ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የጥንቱን የከተማችንን ስም ይዞ ከተቋቋመ ወዲህ፣ በዙሪያው ካሉት የመምህራንና የጤና ኮሌጆች፣ ከፖሊ ቴክኒኮቹ፣ ከግል ኮሌጆቹ ጋር ሆኖ ከጊምቢቹ፣ ከጃጁራ፣ ከአንጋጫ፣ ከዶዮገና የሚመጣው የገበሬ ልጅ የመጀመሪያ መታወቂያውን የሚያገኘው በእነዚህ ተቋማት ነው። በነጥብ ኢዱ ነጥብ ኢቲ የሚያልቅ አድራሻ ለዚያ ልጅ ፓስፖርት ማለት ነው። «እኔ የዚህ ቤት ልጅ ነኝ» የሚልበት ማህተሙ ነው። ማህተሙ ሲረክስ ሁሉም ይረክሳል።

ደግሞ የእኛ አካባቢ ሰው በመልእክት መኖር የለመደ ነው። በሀዲያና በከምባታ ደቡብ አፍሪካ ወንድም ወይም አጎት የሌለው ቤት ስንት ነው? ገንዘብ የሚላከው በመልእክት፣ ለቅሶ የሚሰማው በመልእክት፣ ሽምግልና የሚጀመረው በመልእክት። «ወንድምህ ነኝ፣ ስልኬ ጠፍቶ በሰው ስልክ ነው፣ ቶሎ 20,000 ብር በቴሌብር ላክልኝ፣ በኋላ አስረዳሃለሁ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ልባችን የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ይህ ሞኝነት አይደለም፤ መዋደድ ነው። አጥማጁ የሚያጠምደው መዋደዳችንን፣ ማክበራችንንና መፍራታችንን ነው። አለቃን እናከብራለን፣ ስለዚህ በዲን ስም ይጽፋል። መዘጋትን እንፈራለን፣ ስለዚህ «24 ሰዓት» ይላል።

ሽማግሌዎቻችን ግን ለዚህ የሚሆን ጥያቄ አስቀምጠውልናል። እንግዳ ሰው ሲመጣ ሰላምታው ካለቀ በኋላ ምን ይሉታል? «የማን ልጅ ነህ?» ስሙን ብቻ ሰምተው አይተዉትም፤ አባቱን፣ አያቱን፣ ጎሳውን ይጠይቃሉ። በኢንተርኔት ላይ የተቋም ኢሜይልን መጠበቅ ማለት በአጭሩ ይህን ጥያቄ መልሶ ማምጣት ነው።

እስቲ በሁለት በኩል እንየው፤ በተቋሙና በሰውየው።

በተቋሙ በኩል። ለኢሜይል መዝገብ ቤት የሚሆኑ ሦስት ነገሮች አሉ። ከአይሲቲ ሰው ጋር ስታወሩ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ ሲሉ ትሰማላችሁ።

ኤስፒኤፍ የመልእክተኞች ዝርዝር ነው። ተቋሙ በአደባባይ «ደብዳቤዬን ይዘው የሚወጡት እነዚህ ሰርቨሮች ብቻ ናቸው» ብሎ ይለጥፋል። ሌላ ተሸካሚ በስሙ ይዞ ከመጣ ተቀባዩ ያውቃል።

ዲኪም ማህተሙ ነው። እያንዳንዱ ደብዳቤ ሲወጣ በሚስጥር ቁልፍ ይታተማል። መንገድ ላይ አንዲት ቃል ከተነካች ማህተሙ ይሰበራል።

ዲማርክ ደግሞ ለተቀባዩ መዝገብ ቤት የሚሰጥ መመሪያ ነው። «በስሜ የመጣ ደብዳቤ ሁለቱንም ሳያሟላ ከቀረ፣ አሳልፈው፣ ወይም አቆየው፣ ወይም መልሰው፤ ምን እንዳየህም ሪፖርት ላክልኝ» ይላል። ብልህ ተቋም መጀመሪያ «አሳልፈው፣ ግን ንገረኝ» ከሚለው ይጀምራል። ለጥቂት ሳምንታት ሪፖርቱን እያየ የራሱን የተረሱ ሰርቨሮች ያስተካክላል፤ ከዚያ «አቆየው»፣ በመጨረሻም «መልሰው» ይላል። በአንድ ቀን ዘሎ «መልሰው» ያለ የራሱን ደብዳቤ ያስመልሳል።

«የቅንጦት ነገር ነው፣ ለእኛ ምን ያደርጋል» የሚል አለቃ ካለ ይህን ንገሩት። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምረው በብዛት ለሚልኩ፣ ማለትም ወደ ጂሜይል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ መልእክት ለሚልኩ፣ ሦስቱንም ግዴታ አድርገዋል። ለትንንሽ ላኪም ቢያንስ አንዱን ይጠይቃሉ። አብዛኛው ተማሪያችን በጂሜይል ነው የሚኖረው። ማህተም የሌለው ተቋም ለገዛ ተማሪው እየጮኸ የማይሰማበት ጊዜ መጥቷል።

ግን አንድ ነገር አስተውሉ። እነዚህ ሦስቱ የጋሼን ነገር አያስቆሙም ነበር! ከጋሼ አካውንት የወጣው ኢሜይል በእውነተኛው ሰርቨር፣ በእውነተኛው ማህተም የወጣ ነው። ሌባው ማህተሙን አላስመሰለም፤ የማህተሙን መሳቢያ ቁልፍ ነው የወሰደው። ስለዚህ ተቋሙ ሌሎች ጥቂት ነገሮች ያስፈልጉታል።

አንደኛ፣ የመላኪያ ገደብ። አንድ መምህር በአንድ ሰዓት 300 ኢሜይል የሚልክበት ምን ምክንያት አለው? ሰርቨሩ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ሲሆን አካውንቱን ራሱ ቢያቆም፣ የዚያች ልጅ ማስረጃ በደረሰ ነበር። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቅንብር ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ሁለት ደረጃ ያለው መግቢያ። ፓስወርድ ቢሰረቅም ሁለተኛ ቁጥር ይጠይቃል። «ኔትወርክ እየጠፋ ኤስኤምኤሱ አይደርስም» የሚል ቅሬታ እሰማለሁ፤ ልክ ነው። ለዚህ መልሱ ቁጥሩን ስልኩ ላይ የሚያወጣ አፕ ነው። ያለ ኔትወርክ፣ ያለ ካርድ ይሠራል፤ የስልኩ ሰዓት ትክክል መሆኑን ብቻ ነው የሚፈልገው። አንድ ማሳሰቢያ ግን፦ ያንንም ቁጥር በሐሰተኛ ገጽ ላይ ከጻፋችሁት ይሰረቃል። ለማንም አትስጡ።

ሦስተኛ፣ የተረሱ አካውንቶች። ከተመረቀ ስንት ዓመት የሆነው ተማሪ፣ ሌላ ተቋም የተዛወረ መምህር፣ የመጀመሪያ ፓስወርዱ የመታወቂያ ቁጥሩ ሆኖ የቀረ ሰው። ባለቤት የሌለው ቤት ሌባ ሲገባበት የሚጮህ የለም።

አራተኛ፣ ማጣሪያውን ማስተማር። እ.ኤ.አ. በ2002 ፖል ግርሃም የሚባል ፕሮግራመር ማጣሪያ የቃላትን ዕድል እየቆጠረ ከተጠቃሚው እንዲማር የሚያደርግ ሐሳብ አስተዋወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ማጣሪያዎች የሚማሩት በአብዛኛው ከእኛ ነው። አሰልቺ ነገር ሲመጣ ዝም ብላችሁ ከሰረዛችሁት ምንም አይማርም። «ስፓም» የሚለውን ስትጫኑ ይማራል። አልፎ አልፎ ደግሞ የስፓም ፎልደሩን ክፈቱ፤ እውነተኛ ደብዳቤም እዚያ ይታሰራል።

አሁን በሰውየው በኩል፤ ማለትም በእኔና በእናንተ።

አድራሻን እንዴት እናንብብ? እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ መሆን ይረዳል። የእኛ ስም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። የኢንተርኔት አድራሻም እንዲሁ ነው፤ ዘሩ ያለው በመጨረሻ ነው። ፊት ለፊት የሚመጣውን ስም ማንም ለልጁ ማውጣት ይችላል። አጥማጁ የእናንተን ተቋም ስም፣ ኢዱንም ኢቲንም ጭምር፣ ከፊት ይደረድርና ከኋላ «ነጥብ ሎጊን ሰርቪስ ነጥብ ኮም» ይጨምርበታል። ልጁ በእናንተ ስም ተጠርቷል፤ አባቱ ግን ሌላ ነው! ስለዚህ ከመጀመሪያው እዝባር በፊት ያሉትን የመጨረሻ ሁለት ሦስት ቃላት እዩ። እነሱ ናቸው አባትና አያት። አስመሳይ ፊደልም አለ፤ በእንግሊዝኛ አር እና ኤን ተጠጋግተው ሲጻፉ ኤም ይመስላሉ፣ ትንሿ ኤል አንድ ቁጥርን ትመስላለች። በስልክ የምታነቡ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ስልኩ የሚያሳያችሁ የላኪውን ስም ብቻ ነው። ስሙን ነካ አድርጉት፣ ሙሉ አድራሻው ይወጣል።

ድሮ «የሰዋስው ስህተት ካለበት ውሸት ነው» እያልን እናስተምር ነበር። ያ ምክር አርጅቷል። ዛሬ ኤአይ ለሌባም ደብዳቤ ያሳምርለታል፤ በአማርኛም ጭምር። ቋንቋውን ሳይሆን ጥያቄውን እዩ። ያስቸኩላል? ፓስወርድ ወይም ገንዘብ ይጠይቃል? «ለማንም አትናገር» ይላል? ከሦስቱ አንዱ ካለ ቁሙ።

ለመምህራን በተለይ። ሁለት ዓይነት መልእክት ይበዛባችኋል። አንደኛው «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ጽሑፍዎን አድንቀናል፣ በመጽሔታችን ያሳትሙ» የሚለው ነው። ማስተርስ ለያዘ ልጅ «ፕሮፌሰር» ሲሉት ያኔውኑ መጠርጠር ነበር! ገንዘብ ተቀብለው ሳይገመግሙ የሚያትሙ መጽሔቶችን ጄፍሪ ቢል የሚባል የኮሎራዶ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ለዓመታት ሲመዘግብ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ዝርዝሩን አነሳው፤ መጽሔቶቹ ግን አልጠፉም። ለእድገት የሚጣደፍ ወጣት መምህር ደሞዙን ከፍሎ በኋላ «ይህ መጽሔት ተቀባይነት የለውም» ሲባል አይቻለሁ።

ሁለተኛው የረቀቀ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር 9 ኢራናውያንን ከሰሰ። በክሱ መሠረት ከ100,000 በላይ የፕሮፌሰሮችን አካውንት ዒላማ አድርገው 8,000 ያህሉን ሰብረው ገብተዋል፤ 144 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና በሌሎች 21 ሀገራት የሚገኙ 176 ዩኒቨርሲቲዎች ተጠቅተዋል። ዘዴው ምን ነበር? የሌላ ዩኒቨርሲቲ ምሁር መስሎ «ጽሑፍህን አነበብኩ፣ እነዚህንም ተመልከት» የሚል ኢሜይል። ሊንኩ ሲነካ የፕሮፌሰሩን የራሱን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚመስል ገጽ ይመጣል። በሌላ አነጋገር፣ ያጠመዱት ምሁር የሚወደውን ነገር፣ መነበብን፣ ነው። ስለዚህ «የተማረ ሰው አይታለልም» አትበሉ።

የእኛም ሰዎች አልቀሩም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ጥናት፣ ውጭ ሀገር ያሉ ኢትዮጵያውያን በኢሜይል በሚላክ ሊንክ የቪዲዮ ማጫወቻ ማሻሻያ የመሰለ የስለላ ሶፍትዌር እንዲጭኑ ሲጠመዱ እንደነበር ዘርዝሯል። ከዒላማዎቹ መካከል የዶክትሬት ተማሪም ነበር።

ለፋይናንስና ለግዥ ወዳጆቼ፦ ካናዳ ኤድመንተን የሚገኘው ማክዩዋን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 11.8 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለአጭበርባሪ አስተላልፏል። ኮምፒዩተሩ አልተሰበረም። አንድ አቅራቢ ድርጅት መስለው «የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ላኩ፤ ሠራተኞቹ ለድርጅቱ ደውለው ሳያረጋግጡ ቀየሩት። አብዛኛው ገንዘብ በኋላ ተደርሶበታል። ትምህርቱ አንድ ቃል ነው፦ መደወል። ኢሜይሉ ላይ ባለው ቁጥር አይደለም፤ በፊት በምታውቁት ቁጥር።

ለተማሪዎች፦ እውነተኛ ስኮላርሺፕ «የማስኬጃ ክፍያ በቴሌብር አስገባ» አይልም። የአባትህን በሬ አሽጠህ ከመላክህ በፊት አንድ መምህር ጠይቅ። ጠይቀህ ያፈርክበት ቀን፣ ሳትጠይቅ ከከሰርክበት ዓመት ይሻላል።

ሕግም አለን። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማጭበርበርን ብቻ ሳይሆን ስፓምንም በስሙ ጠርቶ ይከለክላል። ግን ሌባው ብዙ ጊዜ ባሕር ማዶ ነው። ፍርድ ቤት እስኪደርስ የእኛ በር መዘጋት አለበት።

የመጨረሻውና ለእኔ ትልቁ ነገር የአለቆች ጉዳይ ነው። በዚያ ተቋም ጥፋቱ የጋሼ ነው? እኔ አይመስለኝም። ሊንክ መንካት በደቂቃ የሚፈጠር ነገር ነው፤ ማንንም ያገኛል። ጋሼ አርብ ማታ ለአይሲቲው ልጅ ደውለው «ልጄ፣ አንድ ነገር ነክቻለሁ» ቢሉት፣ ፓስወርዱ በአምስት ደቂቃ ተቀይሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ስልኩን እንዳያነሱ ያደረጋቸው ያ ስብሰባ ነው። በጸሐፊዋ ላይ የተሳቀው ሳቅ ነው። አንዲት ሐቀኛ ሠራተኛ ስትቀጣ ሌላው ሁሉ ዝምታን ተማረ፤ ዝምታው ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ለሌባው ሠራለት።

ስለዚህ ዲን፣ ዳይሬክተር፣ ዲፓርትመንት ሄድ የሆናችሁ ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ ደርሳችኋል፣ ኮርቼባችኋለሁ፤ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ተታልዬ ነበር» ብሎ የመጣን ሰው በስብሰባ ላይ አመስግኑት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አትጻፉለት። አንድ ስልክ ቁጥር በየቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ አርብ ማታም የሚነሳ ይሁን። ለአይሲቲ ልጆቹም የኮምፒዩተር ጠጋኝ ብቻ አድርጋችሁ አትዩአቸው፤ የማህተሙ ጠባቂዎች ናቸው። ፓስወርዳችሁን ደግሞ ለጸሐፊያችሁ አትስጡ፤ ማህተም በኪስ ይዛችሁ እንደምትዞሩት ያዙት።

ሊንክ ነክታችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ዛሬም ቢሆን፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ፓስወርዳችሁን ከሌላ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ቀይሩ። ያው ፓስወርድ በሌላ ቦታ ካለ እዚያም ቀይሩ። በኢሜይሉ ቅንብር ውስጥ መልእክታችሁን ወደማታውቁት አድራሻ የሚያስተላልፍ ነገር ተጨምሮ እንደሆነ እዩ፤ ሌቦች ይህን ትተው ይሄዳሉ፣ ፓስወርድ ከተቀየረም በኋላ ያነብባሉ። ከዚያ ደውሉ። ተናገሩ። አትፈሩ።

የደረሳችሁ አስመሳይ መልእክት ካለ ኮሜንት ላይ አስቀምጡት፤ የራሳችሁን ስምና አድራሻ ግን ሸፍኑ፣ ሊንኩንም አታስገቡ። ሌላው አይቶ ይማርበታል። በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ይሄ እውነት ነው?» ማለታችሁንም አትተዉ፤ እኔ አይሰለቸኝም። እንዲያውም ደስ ይለኛል፤ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ መጠየቅ አልጠፋም ማለት ነው።

ሰላም ሁኑልኝ።